ለሆት ሮድና ለክላሲክ መኪና ትርኢት የትኛው ሌንስ ይሻላል? 35፣ 50፣ 85 ወይስ 24-105

የሮካቢሊ (የ1950ዎቹ፣ እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ ሮክ ሙዚቃ) አፍቃሪዎች በሚያዘጋጁት የመኪና ትርኢት ላይ ከብርሃን ይልቅ የሚያስቸግረው ቦታ ነው። እንደ ቪቫ ላስ ቬጋስ ሮካቢሊ ዊክኤንድ ባሉ ዝግጅቶች መኪኖቹ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ኮፈናቸው ይከፈታል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው በር ለመክፈት የሚበቃ ክፍተት ነው። ከፊታቸው ያለው መተላለፊያም ቀኑን ሙሉ ሰው አያጣም። ስለዚህ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት “ስንት ሜትር ወደኋላ መሸሽ እችላለሁ?” ብላችሁ አስቡ። ምርጫውን ከዋጋውም ከብርሃን አቀባበሉም በላይ የሚወስነው ይኸው ነው።

እዚህ ያወዳደርናቸው አራቱም የካኖን አርኤፍ ሌንሶች ናቸው፤ ካሜራው ፉል ፍሬም ነው (ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው) ብለን አስበናል። 35፣ 50፣ 85 የሚሉት ቁጥሮች የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። ኤፍ/ የሚለው የብርሃን መግቢያው ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል፣ የሚጠራው ጥልቀት ግን ያንሳል። ማክሮ ማለት በጣም ተጠግቶ የሚያነሳ ነው። የሌላ ብራንድ ካሜራ ላላችሁ ክብደቱና ዋጋው ይለያያል እንጂ የርቀቱ ስሌት ያው ነው። “ርቀት” የሚለው አምድ የ1959 ካዲላክን (እ.ኤ.አ.፣ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ) ሙሉ ጎኑን ለማንሳት፣ ግራና ቀኝ ትንሽ አየር ትታችሁ፣ የት መቆም እንዳለባችሁ ያሳያል። ዋጋው ሌንሶቹ አሜሪካ ገበያ ሲወጡ የነበረው ነው።

| ሌንስ | ክብደት | የቅርብ ፎከስ | ፊልተር | ርቀት | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| 35 ኤፍ/1.8 ማክሮ | 305 ግራም | 17 ሴ.ሜ | 52 ሚ.ሜ | 6.5 ሜትር | 500 ዶላር |
| 50 ኤፍ/1.8 | 160 ግራም | 30 ሴ.ሜ | 43 ሚ.ሜ | 9.3 ሜትር | 200 ዶላር |
| 85 ኤፍ/2 ማክሮ | 500 ግራም | 35 ሴ.ሜ | 67 ሚ.ሜ | 16 ሜትር | 600 ዶላር |
| 24-105 ኤፍ/4 ኤል | 700 ግራም | 45 ሴ.ሜ | 77 ሚ.ሜ | 4.5–19.5 ሜትር | 1,100 ዶላር |

አንድ ሌንስ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 35ቱን ግዙ። 6.5 ሜትር በመተላለፊያው ማዶ ቆማችሁ የምታገኙት ርቀት ነው፤ 9 ሜትር ላይ ግን በእናንተና በመኪናው መካከል ሁሌም የሆነ ሰው አለ። ኤፍ/8 ላይ አድርጋችሁ ፎከሱን 5 ሜትር ላይ ብታስቀምጡ ከ2.6 ሜትር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ጥርት ይላል። ይህ ማለት ሰው ዞር ባለባት ቅጽበት ፎከስ ሳትፈልጉ መተኮስ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ሆት ሮድ (ለፍጥነት ተብሎ የተሻሻለ አሮጌ መኪና) ላይ ደግሞ 35ቱ ሁለተኛ ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ኮፈን የላቸውም። ፎርድ በ1932 ያወጣው ፍላትሄድ ቪ8 ሞተር፣ ላዩ ላይ በረድፍ የቆሙት ስትሮምበርግ 97 ካርቡሬተሮች፣ የነዳጅ ቱቦዎቹ ሁሉ ደጅ ናቸው። በ35ቱ 50 ሴንቲሜትር ድረስ ጠጋ ብላችሁ ኤፍ/8 ላይ ብታነሱ የሚጠራው ጥልቀት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ካርቡሬተር ጥርት ብሎ ሦስተኛው የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱንም ከፈለጋችሁ ከፊት ሳይሆን ከጎን ሁኑና ረድፉ ከካሜራው ጋር ትይዩ ይሁን።

የዚህ ሌንስ ትልቁ አደጋ ቅርበት ነው። መኪናን የሚያጣምመው ሌንሱ ሳይሆን የቆማችሁበት ርቀት መሆኑን ልብ በሉ። ከፊት መብራቱ 2 ሜትር ላይ ብትቆሙ የኋላው ጫፍ 7 ሜትር ይርቃችኋል፤ መብራቱ እንደ ድስት ያብጣል፣ ጅራቱ ይኮማተራል። 6 ሜትር ላይ ብትቆሙ ግን ልዩነቱ 6 ለ11 ይሆንና መኪናው መልኩን ይይዛል። ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ለተደረገ የ1951 ሜርኩሪ ይህ የሞት ሽረት ነገር ነው። ባለቤቱ ያን ሁሉ ላሜራ ያስቆረጠው ያች ረጅም ዝቅተኛ መስመር እንድትታይ ነውና፣ አቅርባችሁ አታበላሹበት። ቁመታችሁንም ቀንሱ፦ ተንበርክካችሁ ካሜራውን የፊት መብራቱ ከፍታ ላይ አድርጉት። ቆማችሁ ካነሳችሁት ጣሪያና ኮፈን ብቻ ነው የሚታያችሁ።

85ቱን ሙሉ መኪና ለማንሳት አትግዙት፤ 16 ሜትር ባዶ አስፋልት የሚገኘው ጠዋት መኪኖቹ ሲገቡና ማታ ሲወጡ ብቻ ነው። ለዝርዝር ግን ከአራቱ የሚወዳደረው የለም። እሱም 35ቱም ዕቃውን ሴንሰሩ ላይ በግማሽ መጠኑ ይይዛሉ፤ 7.2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አርማ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ልዩነቱ የት ቆማችሁ ነው የሚለው ላይ ነው። የቅርብ ፎከስ የሚለካው ከሴንሰሩ ስለሆነ 35ቱ እዚያ መጠን ላይ ሲደርስ ከሌንሱ አፍ እስከ ክሮሙ የሚቀረው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ነው። ጥላችሁ አርማው ላይ ይወድቃል፤ ክሮሙ ውስጥ የሚታየውም የሌንሱ ጥቁር አፍና የእናንተው ጣቶች ናቸው። 85ቱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ያተርፍላችኋል፤ ብርሃን ያስገባል። በእጅ የተሳለ ፒንስትራይፕ (ቀጭን የጌጥ መስመር) ላይ ብሩሹ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ነጥብ ማየት የሚቻለው በዚህ ሌንስ ነው።

ጉድለቱ ፎከሱ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ በቅርብ ሲሆን ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ጎኑ ላይ ያለውን ማብሪያ ከ0.35 እስከ 0.5 ሜትር የሚለው ላይ አድርጉት፣ ፍለጋው ያጥራል። ግማሽ መጠን ላይ ኤፍ/2 የሚጠራው ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው፤ ኤፍ/8 ደግሞ 3 ሚሊሜትር ያህል። ለአርማ ከኤፍ/8 አትውረዱ።

24-105 አንድ ሌንስ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ለሚውሉ፣ በተለይም ሰልፍ ይዘው የሚነዱትን መኪኖች ለሚያነሱ ጥሩ ነው። ሲያልፉ በ1/60 ሰከንድ ካሜራውን አብራችሁ ብታዞሩ ቸርኬው ይሽከረከራል፣ ላሜራው ይጠራል። ነገር ግን 24 ላይ የማንሳት ፈተናው ብርቱ ነው። ቦታ ስለጠበበ ብቻ ወደ 24 አትክፈቱት፤ ከላይ ያልነው ያበጠ መብራት የሚመጣው ያኔ ነው። ማታ የሮካቢሊ ባንዱ ሲጀምር ኤፍ/4 ከኤፍ/2 አራት እጥፍ ያነሰ ብርሃን ነው የሚያስገባው።

50ው ርካሽና ቀላል ነው፤ የሹፌር ምስል፣ ክሩስኮት፣ መሪ ያምርበታል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ የራሱ ማረጋጊያ ስለሌለው፣ እነሱም ማረጋጊያ በሌላቸው አርፒ ወይም አር8 ካሜራዎች ላይ ሲመሽ ከ1/100 ሰከንድ አትዝቀጡ።

ካሜራችሁ እንደ አር10 ወይም አር50 ኤፒኤስ-ሲ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል። 35ቱ እንደ 56 ይሆንና ወደኋላ ከ10 ሜትር በላይ ይገፋችኋል። ለእናንተ የሚሆነው 24 ኤፍ/1.8 ማክሮ ነው፤ እንደ 38 ይሠራል፣ 270 ግራም ይመዝናል፣ ፊልተሩም 52 ነው።

ከሌንሱ ቀጥሎ የሚገዛው ፖላራይዘር፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም ተሽከርካሪ ፊልተር፣ ነው፤ እዚህም ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ፖላራይዘር የቀለምና የመስታወት ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ የክሮምን አይነካም፤ ብረት ነውና። ስለዚህ ፓራውልቱ ውስጥ የሚታየውን የራሳችሁን ምስል ለማጥፋት ብላችሁ አትግዙት፤ ለዚያ መፍትሔው ጎንበስ ብሎ ማዕዘን መቀየር፣ ጥቁር ልብስ መልበስ ነው። ኃይሉ ከፍ የሚለው ከላሜራው ገጽ ጋር 35 ዲግሪ ገደማ ስትሆኑ ነው። የጠቆረ ከረሜላ ቀይ ቀለም ያኔ ጥልቀቱ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ አታዙሩት፤ የካዲላክን ክንፍ ቅርጽ የምታሳየው በጠርዙ ላይ ያለችው የብርሃን መስመር ናት፣ እሷ ከጠፋች ክንፉ ጠፍጣፋ ይመስላል።

ፖላራይዘሩ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)፤ ስለዚህ ሲመሽ አውልቁት። ለየሌንሱ ከመግዛት አንድ 77 ሚሊሜትር ጥሩ ፖላራይዘርና ከ52፣ ከ67 ወደ 77 የሚያሳድጉ ቀለበቶች ግዙ፤ ቀለበት ሲገባ የሌንሱ የፀሐይ መከለያ አይገጥምም፣ በእጃችሁ ፀሐዩን ከልሉ። የጎን ወይም የኋላ መስታወት ላይ ነጠብጣብ ወይም ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ካያችሁ ፊልተሩ አልተበላሸም፤ በሙቀት የጠነከረ መስታወት ውስጥ ያለው ውጥረት በፖላራይዘር ይታያል። ፖላራይዘሩን ዞር ዞር አድርጉት፣ ሊደበዝዝ ይችላል።