«ይሄማ ያንቺ ጽጌረዳ አይደለም» ላሉኝ አትክልተኛ

ይህን ምስጋና ልጽፍ ልጽፍ ስል ወር አለፈኝ። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ የሚሳበው ጽጌረዳ ከታች እስከ ላይ አብቦ ሳየው ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ። ግቢያችንን የሚያዩልንን አትክልተኛ በአደባባይ ላመስግን፤ ጽጌረዳ እያላችሁ አበባ ያጣችሁ ሰዎችም ብታገኟቸው ደስ ይለኛል። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። ቤት ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» ስለምንላቸው እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ስድስት እግር ጽጌረዳ አለን፤ አምስቱ ቁጥቋጦ፣ አንዱ በሩን ይዞ የሚሳብ። ከጋሼ በፊት ይመጣ የነበረው ሠራተኛ በየሳምንቱ መድኃኒት ይረጫል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ለሁሉም የሚሆን ነው» ይለኛል። ቅጠሉ ግን ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል። ከስድስቱ የምኮራው በአንዱ ብቻ ነበር፣ በቀዩ። ቀንበጡ የሌሎቹን እጥፍ ይሮጣል፣ ቁመቴን አልፎ ሄዷል። ውኃ የማበዛው፣ ፍግ የምጨምረው ለእሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንዲት አበባ አልሰጠኝም። «ጉልበት እያጠራቀመ ነው» እያልኩ እጽናና ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ቀን መቀሳቸውን ከቦርሳ አላወጡም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ እኔ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ሥራ አይጀምርም እንዴ?» እያልኩ በመስኮት አያለሁ። ቀዩ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩና አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ ተመልከቺ» ብለው ጠሩኝ። ግንዱ አፈር ውስጥ የሚገባበት ላይ የሕፃን ጡጫ የሚያክል ጉጥ አለ። ለካ ተገዝቶ የሚተከል ጽጌረዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተክል ነው። ሥሩ ከአንድ ጠንካራ የዱር ዘር ይወሰዳል፣ አበባው የሚወደድለት ዓይነት በላዩ ይጣበቅበታል። ጉጧ የተጣበቁባት ቦታ ናት። ከጉጧ በላይ የወጣው የገዛነው አበባ ነው፤ ከታች የወጣው የሥሩ የራሱ ልጅ ነው።

የእኔ ኩራት የወጣው ከታች ነበር።

«ይሄማ ያንቺ ጽጌረዳ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አሳዩኝ፤ ደርቀው መስለውኝ ልነቅላቸው ያሰብኳቸው። «ያንቺስ እነዚህ ናቸው። ምግቡን ያ ጨረሰባቸው።» ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለቡን የምሰፍረው ለሌባው ነበር ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር፤ እሳቸው ግን «ብዙ ሰው ቤት አይቻለሁ» ብለው አለፉት።

አነቃቀሉን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የቀድሞው ሠራተኛ በየጊዜው ከአፈር እኩል ይቆርጠው ነበር። ቀንበጡ ከሥሩ የተነሳበት ቦታ ላይ የተኙ ዓይኖች፣ ማለትም አዲስ ቀንበጥ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቡቃያዎች፣ አሉ፤ ከላይ ሲቆረጥ እነሱ ይነቁና በአንዱ ፋንታ ሦስት ሆኖ ይመጣል። ጋሼ አፈሩን እስከ መነሻው ድረስ በእጃቸው ገለጡት፣ ወፍራም ጓንት አደረጉ፣ ቀንበጡን ከግርጌው ጨብጠው ወደ ታች ቦጨቁት። ቋ! ብሎ ከነተረከዙ ተላቀቀ። አፈሩን መልሰው በመዳፋቸው ጠቀጠቁት። እኔም የሰማሁትን ላሳያቸው ብዬ፣ «ቅጠሉ ሰባት ሰባት ከሆነ የዱር ነው፣ አምስት አምስት ከሆነ ጥሩው ነው ይባላል አይደል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥሩዎቹም ሰባት የሚያወጡ አሉ፤ ቅጠል ቆጥሮ የገዛ ጽጌረዳውን የነቀለ ሰው ያውቃሉ። የሚታመነው በጣት እስከ መነሻው ወርዶ ከጉጧ በላይ ይሁን በታች ማየት ነው።

የጥቁር ነጠብጣቡ ነገር ደግሞ የእኔ ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ከሥራ ስመለስ፣ ሊመሽ ሲል፣ ጎማውን ይዤ ከላይ ወደ ታች አጥባቸዋለሁ፤ አቧራው ሲለቅ ደስ ይለኛል። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉን ለመያዝ ቅጠሉ ላይ ውኃ ለ7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ አይደርቅም። ዘሩን ደግሞ መሬት ላይ ከረገፈው ቅጠል እየተንጠባጠበ የሚነሳው የውኃ ፍንጣቂ ወደ ላይ ያደርስለታል። እኔ ራሴ ሳሰራጨው ኖሬያለሁ። ጋሼ ያደረጉት ይህን ብቻ ነው፦ የረገፈውን ቅጠል አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው በከረጢት ከግቢ አስወጡ፣ ብስባሽ ውስጥ እንኳ አልጨመሩትም። ውኃው ጠዋት፣ ግንዱ ሥር፣ በዝግታ እንዲሆን አደረጉ። መሬቱን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አለበሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው ዙሪያውን ክፍት ተዉት። የመድኃኒቱ ነገርስ? «መድኃኒቱ ያልያዘውን ይከላከላል እንጂ ነጠብጣብ ያወጣ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም» አሉኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ያን ሁሉ ርጭት ሳስበው አሁንም እናደዳለሁ።

ቢጫው ጽጌረዳ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነገር ነበር። ያንንም ከነጠብጣቡ ጋር አንድ በሽታ አድርጌ ነበር የማየው። አይደለም። ይኼኛው እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ እርጥበታማ ሲሆን፣ ነፋስ በማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ይብሳል፣ ለጋውን ቅጠል ይመርጣል። የቢጫው መካከል ተከፍቶ አየር ሲገባው በአብዛኛው ቀረ። ክሽክሹን፣ ያንን ለጋውን እየመጠጠ የሚኖር ጥቃቅን ተባይ፣ ደግሞ በጠዋት በውኃ ግፊት ያረግፉታል፣ በቃ። ክሽክሹን የሚበላውን ቀይ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ካዩ ደግሞ እሱንም አያደርጉም፤ «ሠራተኛ ገብቷል» ይላሉ።

ወደ መከርከሙ ልምጣ። መቀሳቸው ሁለት ስለቶቹ እንደ ወረቀት መቀስ የሚተላለፉ ዓይነት ነው፤ አንዱ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፈው ዓይነት ግንዱን ይጨፈልቃል ብለው አይነኩትም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በ70 በመቶ አልኮል ይጠርጉታል። የሞተውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን መጀመሪያ ያወጣሉ፤ ከዚያ መካከሉ እንደ ዋንጫ ክፍት እስኪሆን ይቀጥላሉ። ሦስተኛው እግር ላይ መቀሱን ለእኔ ሰጡኝ። ፈራ ተባ እያልኩ ከዓይኗ ሦስት ጣት ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ። ምንም ሳይሉ ጎንበስ አሉና የቀድሞው ሠራተኛ የተወውን ጉቶ አሳዩኝ፤ ጫፉ ጠቁሮ ወደ ታች እየሞተ ወርዷል። ከዓይን በላይ ምግብ የሚስብ ነገር ስለሌለ ትርፉ እንጨት ይደርቃል። ወደ ውጭ ከምታይ ዓይን በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ትቶ መቁረጥ ነው። ሁለተኛውን በትክክል ቆረጥኩት፤ «እሰይ» አሉኝ። ይቺ «እሰይ» ቀኑን ሙሉ ደስ ስትለኝ ዋለች።

የበሩን ጽጌረዳ ሲነኩት ግን ተከራክሬያቸዋለሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ነበር፤ አበባው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያየው ጣሪያው ነው። ጋሼ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ወደ ጎን እያጋደሙ በለስላሳ ጨርቅ ቁራጭ፣ ሳያጠብቁ፣ ሽቦው ላይ አሰሩት። «ምነው ጋሼ፣ ይሰበርብኛል!» ብልም አልሰሙኝም። ምክንያቱን በኋላ ነገሩኝ፤ የቆመ ቅርንጫፍ ጫፉ ያለው ቡቃያ ከታቹ ያሉትን ዓይኖች «ተኙ» የሚል ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይልክባቸዋል። ቅርንጫፉ ሲጋደም የጫፉ ጉልበት ይቀንሳል፣ ዓይኖቹ ይነቃሉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ላይ አጭር ቀንበጥ ያወጣሉ፣ በየቀንበጡ አበባ ይመጣል። የዛሬ ጠዋቱ አበባ የዚያ ቀን ሥራ ነው። ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ተሸንፌያለሁ።

ሰውን ሲጠቁሙ ጉድለቱንም መናገር ደግ ነው። ጋሼ በቀጠሮ ሰዓት አይመጡም። ሥራ ላይ እያሉ ስልክ አያነሱም። ሣር አያጭዱም። ከርክመው ሲሄዱ ግቢው አጽም ነው የሚመስለው፤ ያን ሰሞን ባለቤቴ «ሰውዬው ጨረሱልሽ» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። በዚያ ላይ የሚያባብል ቃል አያውቁም። ከዛፉ ጥላ ሥር ነጭ ጽጌረዳ ልትከል ብዬ ጉድጓድ ሁሉ አስቆፍሬ ጠበቅኋቸው፤ «በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ አልተክልልሽም» ብለው አካፋውን አስቀመጡ። እሺ፣ ከዚህ በፊት አንድ ጽጌረዳ ሞቶ የተነቀለበት ቦታ ይሁን አልኩ። እሱንም «ጽጌረዳ በኖረበት አፈር አዲሱ አይበረታም» ብለው እንቢ አሉ፤ ወይ አፈሩን በጥልቀትም በስፋትም ግማሽ ሜትር ያህል አውጥቶ መቀየር ነው፣ ወይ ሌላ ቦታ። ሌላ ቦታ ሆነ።

ያሸነፈኝ ግን ሌላ ነው። እንደ ቀድሞው በየሳምንቱ ይምጡ ብያቸው ነበር። «በየሳምንቱ የሚያስመጣኝ ሥራ የለሽም። የጠወለገውን አበባ ራስሽ ቁረጪ፤ ከተውሽው ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬ ከያዘ ለማበብ አይቸኩልም» አሉኝ። የገዛ ገቢያቸውን በገዛ አፋቸው ሲቀንሱ ሰማኋቸው። አሁን የሚመጡት የክርከማ ጊዜ ሲደርስና እኔ ስደነግጥ ነው።

የምትፈልጓቸው ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጠሯቸው መድኃኒት ገዝታችሁ አትጠብቁ፤ ይልቅ ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት ውኃ እንደምታጠጡ አስቡና ተዘጋጁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እሱ ነው።

ቀዩ ከእነዚያ ከሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች አገግሞ ሦስት እምቡጥ ይዟል። አንዱ ነገ ከነገ ወዲያ ይፈነዳል። ልቆርጠው እጄ እያሳከከኝ ነው፤ ጋሼ ሐሙስ ይመጣሉ፣ እስኪያዩት ልተወው።