ልጄ የምትውልበት ማቆያ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄ ገና ሦስት ወሯ ነበር። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የሚሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይላሉ። መሀል ላይ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምወጣው እያሰብኩ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ደላላ ያመጣልኝ ሞግዚት በሦስተኛው ሳምንት ሄደች።

መጀመሪያ ያስገባኋትን ማቆያ ስሙን አልጠራም። ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ፣ በሩ ላይ ፊኛ የተሰቀለበት፣ ሲያዩት ደስ የሚል ቤት ነው። አንድ ቀን ሳልደውል ከምሳ ሰዓት ቀደም ብዬ ብቅ ስል፣ ሕፃናቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረዋል፣ አንዲት ልጅ እግር ብቻዋን ትጠብቃቸዋለች፣ ልጄ አፍ ውስጥ ያለው ጡጦ ደግሞ የእሷ አይደለም። ያኔውኑ አዝያት ወጣሁ። እናቴ ቡና ለቀማዋን ጥላ ከአጋሮ መጥታ ሁለት ወር ያዘችልኝ።

አሁን የምትውልበት ተራ መኖሪያ ቤት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም። ግን እያንዳንዱ ጡጦ ላይ የልጁ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። የታለበ የእናት ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት የነገሩኝ እነሱ ናቸው። መብራት ሲጠፋ እንኳ ደውለው ያሳውቁኛል። ማታ ደብተሯን ይሰጡኛል፦ "5 ሰዓት ላይ ተኛች፣ 8 ሰዓት ላይ ግማሽ ጡጦ ጠጣች፣ ትንሽ አሳላት።" ያቺን "ትንሽ አሳላት" ሳነብ ነው ልቤ ያረፈው። ኃላፊዋ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን "ልጄ፣ በፈለግሽ ሰዓት ነይ፣ መደወል አያስፈልግም፤ በሩን ብቻ ቀስ አድርጊው፣ የተኙ አሉ" አሉኝ።

ሞግዚቶቹ ኦሮምኛም አማርኛም ያወሯታል። አሁን ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ ውሃ ስትፈልግ "ቢሻን" ትለኛለች።

ቅሬታም አለኝ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋሉ፤ ባንክ ለምንሠራ ሰዎች የወር መጨረሻ ላይ ይህ ጭንቅ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ባጃጅ አይገባም። ክፍያው ከሞግዚት ደሞዝ ይበልጣል፣ ግን አይቆጨኝም።

ሌላ ቦታ ብታዩም አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን እንደምትይዝ ጠይቁ። መኝታ ክፍሉ ገብታችሁ አሽትቱ፣ የሽንት ሽታ ካለ ዳይፐር በሰዓቱ አይቀየርም ማለት ነው። ይህን ቤት የምትፈልጉ ደግሞ ከመውለዳችሁ በፊት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ዓመት ያልሞላቸውን 6 ብቻ ነው የሚቀበሉት።