ሐርላ ከድሬዳዋ፦ መሬት ማንበብ የሚያስተምር አስጎብኚ

አቦ፣ ድሬ መጥታችሁ የከዚራን ሰፈርና የታይዋንን ገበያ ብቻ አይታችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ይሄን አንብቡት። ሰሞኑን ከአንድ የአካባቢው አስጎብኚ ጋር ሐርላ ወጥተን ነበር። በጣም ነው የወደድኩት። ልጁ «እዚህ ጋ ይሄ ተገኘ» ብሎ አያልፍም። ቆፋሪዎቹ ለምን ሌላ ቦታ ትተው እዚሁ ቅርስ እንደፈለጉ መሬቱን እያሳየ ያስረዳችኋል።

ለማያውቅ ሰው፣ ሐርላ ከድሬ ወጣ ብሎ በሐረር አቅጣጫ ያለ ጥንታዊ ከተማ ነው። ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ በቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቆፍሮት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆኗል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ የነሐስና የብር ሳንቲም ሳይቀር ተገኘ። ግን ቁፋሮው በባዶ ሜዳ ላይ በዕድል የተጀመረ አይደለም። ገበሬው ከድሮም ሲያርስ ሸክላና የቻይና ሳንቲም ይወጣለት ነበር። የሕንፃው ድንጋይ ከመተለቁ የተነሳ ግዙፍ ሰዎች ናቸው የሠሩት ይባል ነበር። የመቃብሩ አጽም ሲታይ ግን ቁመታቸው እንደኛው ነው።

ስለዚህ ልጁ ገና እንደደረስን መጀመሪያ ወደ ፍርስራሹ አልወሰደንም፤ ወደ አንድ ሽማግሌ ነው የወሰደን። በኦሮምኛ ሰላምታውን ሳይቸኩል ተለዋወጠ። ከዛ ማሳቸው ላይ ማረሻ ድንጋይ የሚመታው የት የት እንደሆነ ጠየቃቸው። የሰው ወሬ፣ የቦታ ስም፣ ያረጀ መቃብር፣ ፍለጋ የሚጀመረው ከነዚህ ነው አለን። ቀጥሎ ውሃ፣ ከውሃው ቀጥሎ መንገድ። ሐርላ ያለው ከባሕር ዳርቻው ከዘይላ ወደብ በኩል የሚመጣው ነጋዴ ቆላውን ጨርሶ ወደ ደጋ የሚወጣበት መስመር ላይ ነው። እዛ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ከተማ ለምን እዚህ እንደተተከለ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የገሉ ትምህርት ነው። እርሻ መሃል የሸክላ ስባሪ ስታይ ጠርዙን እይ ይላል። ጠርዙ ለስልሶ ከተሞረደ ውሃ አንከባሎ ያመጣው ነው፣ ምንጩ ከላይ ነውና ቦረቦሩን ተከትለህ ውጣ። ጠርዙ ስለታም ከሆነና ብዙ ገል አንድ ቦታ ከተሰበሰበ ግን ከመጣበት ብዙም አልራቀም። አፈሩ ድንገት ጠቁሮ አመድ አመድ ካለ ሰው ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ለቁፋሮ ደግሞ እንደዚህ ያለ ቦታ የሚናቅ አይደለም፤ የተሰበረ ዶቃ፣ አጥንት፣ ብረት ሲቀልጥ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ ሁሉ የሚጠራቀመው እዛ ነው። የገበሬው እርከን ውስጥ ጥርብ ድንጋይ ካየህም አጠገቡ የፈረሰ ቤት እንዳለ ጠርጥር። አውሬ ጉድጓድ ሲቆፍር ያወጣው አፈር እንኳ ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ግድግዳ የተቀበረበት መሬት ትንሽ ጉብ ስለሚል ጥላ ይጥላል፣ ስለዚህ በማለዳ ውጡ። ይሄን ሁሉ አካፋ ሳይነካ ነው ያሳየን።

አንድ ታዳጊ ዶቃ በእጁ ይዞ ሊሸጥልን መጣ። አስጎብኚው አልጮኸበትም። ከየት እንዳነሳው ጠየቀው፣ ዶቃው ከቦታው ከተነሳ በኋላ ስለ ድሮው ሰው ምን ያህል መረጃ እንደሚጠፋ በእርጋታ ነገረው፣ እኛንም እንዳትገዙ አለን። ትክክል ነው። ያገኛችሁትን ፎቶ አንስታችሁ እዛው ተዉት፣ ለቅርስ ሰዎችም ንገሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ከተማ ውስጥ «ማሽን ይዘን ዕቃ ፍለጋ እናወጣሃለን» ያለኝ ሌላ ሰው ነበር። እንዲህ የሚላችሁ ካለ ወላሂ አትጠጉት! ማሽኑ ብረት ሲያገኝ ይጮሃል እንጂ ጉድጓዱ ያበላሸውን ግድግዳና ንጣፍ አይመልስም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ከሰዓት በኋላ ፖርክ ኤፒክ ዋሻን እንጨምር ተባለና ተቻኮልን። የድንጋይ ዘመን ሰው የኖረበት፣ ቀይ አፈር እየፈጨ ቀለም የሠራበት ቦታ ነው፣ ሽቅብ መውጣቱም ያደክማል፤ ለብቻው ግማሽ ቀን ሊሰጠው ሲገባ በጥድፊያ አለፍነው። ሁለተኛ፣ ዋጋው መጀመሪያ ላይ ጥርት ተደርጎ አልተነገረንም። መኪናውና የአስጎብኚው ለየብቻ ይሁን በአንድ ላይ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

እንደዛም ሆኖ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። የአካባቢው ሰዎች የሚያስተዳድሩት የቅርስ ማሳያ አለ፣ ገቢው ለነሱው ስለሆነ እዛ ሳትገቡ አትመለሱ። ከቁፋሮው የወጣ ዕቃ ሜዳውን ካያችሁ በኋላ ስታዩት ይለያል። ጊዜውን መምረጥ ከቻላችሁ ሰብል ከተነሳ በኋላ ሂዱ፣ ማሽላው ቆሞ እያለ መሬቱ አይታይም፣ የሰው ማሳም ትረግጣላችሁ። ውሃ በደንብ ያዙ። ጫማ ደግሞ ሽፍን ይሁን፣ እሾሁ ቀላል አይደለም።