ኤትሊን የሚያጠፉ ከረጢቶችና የፍሪጅ ኳሶች፦ ለሙዝ፣ ለአቮካዶና ለማንጎ ይጠቅማሉ?

ፍራፍሬ ቶሎ እንዳይበስል ያደርጋሉ ተብለው የሚሸጡት ትናንሽ ከረጢቶች፣ የፍሪጅ ኳሶችና አረንጓዴ ላስቲኮች ስማቸው ብዙ ነው፤ የያዙት ነገር ግን ከሁለትና ከሦስት ዓይነት አያልፍም። ስለዚህ እዚህ የሚገመገሙት በአምራቻቸው ስም ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ነገር ነው። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ ፖታሺየም ፐርማንጋኔት የተባለ ሐምራዊ ኬሚካል ያለበት ከረጢት የደረሰ (እድገቱን የጨረሰ) ነገር ግን ገና ጥሬ ከሆነ ፍሬ ጋር፣ በታሰረ ላስቲክ ውስጥ፣ ለፍሬው በሚስማማ ሙቀት ላይ ከተቀመጠ ዋጋውን ያወጣል። መብሰል ከጀመረ ፍሬ ጋር ወይም ፍሪጅ ውስጥ እንዲሁ ክፍት ከተቀመጠ ግን ጌጥ ነው።

ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ፓፓያ ከተለቀሙ በኋላም የሚበስሉ ናቸው። መብሰሉን የሚቀሰቅሰው ራሳቸው የሚያመነጩት ኤትሊን የተባለ ጋዝ ነው። ጥሬ ሙዝን ለማነሳሳት ከ0.1 እስከ 1 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ ከአንድ ያልበለጠ) ይበቃል፤ ይህ ማለት አንድ የበሰለ ሙዝ ከጥሬዎቹ ጋር በአንድ ላስቲክ ቢታሰር ሁሉንም ይዟቸው ይሄዳል። ፐርማንጋኔት ይህን ጋዝ ኦክሲዳይዝ አድርጎ (ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ) ያጠፋዋል፤ ሐምራዊ የነበረው ራሱም በዚያው ወደ ቡናማ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት በፖሊኢትሊን ላስቲክ የታሸገ ጥሬ ሙዝ ከፐርማንጋኔት ጋር ሲቀመጥ መብሰሉ እንደሚዘገይ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው በአብዛኛው ማሸጊያውና ማስታወቂያው ነው።

ማስታወቂያው የማይናገረው ከረጢቱ ምን ያህል ጋዝ መያዝ እንደሚችል ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 5 ግራም ከረጢት እንውሰድ፤ ፐርማንጋኔቱ 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ሩብ ግራም ነው፣ ቀሪው ተሸካሚው፣ ማለትም ዚዮላይት ወይም አሉሚና የተባለ ቀዳዳ የበዛበት ማዕድን ነው። አንድ የኤትሊን ሞለኪውል እስከ መጨረሻው ለማጥፋት አራት የፐርማንጋኔት ሞለኪውል ይፈጃል። ሩብ ግራሙ ተሟጦ እስኪያልቅ ታዲያ 9.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ኤትሊን ያጠፋል። ጥሬ አቮካዶ በ20 ዲግሪ ላይ በኪሎ በሰዓት ከ0.1 ማይክሮ ሊትር በታች ነው የሚያወጣው። በዚህ ፍጥነት አንድ ከረጢት ለአንድ ኪሎ ከ10 ዓመት በላይ በበቃ ነበር። ያው አንድ ኪሎ ሙሉ በሙሉ ሲበስል ግን በሰዓት ከ100 ማይክሮ ሊትር በላይ ያወጣል፤ ከረጢቱ በአራት ቀን ያልቃል። ሦስት ኪሎ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል እንኳን አይሞላም። ፓሽን ፍሩትና ጊሽጣም ሲበስሉ እንደ አቮካዶ ከፍተኛ ኤትሊን ከሚያወጡት ወገን ናቸው።

ሙዝ ላይ ሒሳቡ ይቀላል። በ20 ዲግሪ ላይ በብዛት ሲያወጣ እንኳን በኪሎ በሰዓት ከ10 ማይክሮ ሊትር ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ከረጢቱ ቶሎ አያልቅም። ቢሆንም መብሰል የጀመረ ሙዝ አይቆምለትም። ምክንያቱ ኤትሊን ራሱ ተጨማሪ ኤትሊን እንዲመረት የሚያደርግ መሆኑ ነው፤ መብሰሉ አንዴ ከተነሳ በፍሬው ሥጋ ውስጥ ያለው መጠን ውጭ ካለው እጅግ ይበልጣል። ከረጢቱ ደግሞ የሚያጸዳው አየሩን እንጂ የፍሬውን ውስጥ አይደለም። ቢጫ የጀመረ ሙዝ ላይ ሞክረው «አይሠራም» የሚሉ ገዢዎች የተናገሩት እውነት ነው፤ ከረጢቱን ግን ከጊዜው አሳልፈው ነው የተጠቀሙት።

ከመግዛት በፊት፣ ወይም ቢያንስ ሁሉንም ከመጠቀም በፊት፣ ውስጡ ያለውን ማየት ይገባል። ገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ተራ ዚዮላይት፣ ሸክላ ወይም ከሰል ብቻ ናቸው። እነዚህ ጥቂት ኤትሊን ይይዛሉ፤ ግን ፍራፍሬ በሚቀመጥበት እርጥብ አየር ውስጥ ቀዳዳቸውን የውሃ ትነት ቀድሞ ይሞላዋል። መለየቱ ቀላል ነው። ጓንት አድርጎ ከአንዱ ከረጢት ሁለት እንክብል አውጥቶ ነጭ ስኒ ላይ ባለ ውሃ ውስጥ መጣል። ፐርማንጋኔት ካለ ከእንክብሉ ሐምራዊ ክር እየተሳበ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ውሃውን ሮዝ ያደርገዋል። ውሃው ካልቀላ ወይ መጀመሪያም አልነበረበትም ወይ አልቋል። የተጠቀሙበትን ከረጢት ለመመርመር ደግሞ አንዱን እንክብል በማንኪያ ጀርባ መሰባበር ነው፦ ላዩ ቡናማ ሆኖ እምብርቱ ሐምራዊ ከሆነ ገና ይሠራል፤ እስከ ውስጥ ድረስ ቡናማ ከሆነ መጣል ነው። ላዩን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ፐርማንጋኔት የፍሬውን መዓዛ የሚሰጡትን ውሁዶች፣ አልኮልንና የሽቶ ትነትንም ስለሚበላ ላዩ ቶሎ ይጠቁራል።

አጠቃቀሙ ላይ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከእርጥበት ነው። ፍሬው የደረሰ፣ ጠንካራና ያልተጫረ ይሁን። ቁስል ራሱ ኤትሊን ያስወጣል። ታጥቦ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደሚቀመጥበት ሙቀት ይውረድ፤ ሞቅ ያለ ፍሬ ታስሮ ቀዝቃዛ ቦታ ሲገባ የላስቲኩ ግድግዳ ያልበዋል፣ ጠብታው ታች ይጠራቀማል፣ ከረጢቱም እዚያው ይርሳል። የራሰ የወረቀት ከረጢት ሐምራዊ ውሃ ያፈስና ልጣጩ ላይ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ጋዝ እያሳለፈ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ መሰል ማሸጊያ ያላቸው ከወረቀቶቹ የተሻሉ ናቸው፤ ዋጋ የሚጨመር ከሆነ ለዚህ ቢጨመር አይቆጭም። ከረጢቱ ታች ሳይሆን ላይ፣ ከላስቲኩ የውስጥ ግድግዳ ጋር በፕላስተር ተለጥፎ፣ ፍሬውን ሳይነካ ይቀመጥ። ሦስት ኪሎ ጥሬ ሙዝ በ14 ዲግሪ ላይ ለማቆየት አንድ ባለ 5 ግራም ከበቂ በላይ ነው፤ ሁለትና ሦስት መደርደር ትርፍ ወጪ ነው። በየሦስት በአራት ቀኑ ከፍቶ ማየትና ቀለም የያዘውን ወይም የለሰለሰውን ወዲያው ማውጣት የግድ ነው። ያ አንዱ ከቀረ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ላስቲኩን ማሰር ስንል ግን ልክ አለው። ፍሬ ይተነፍሳል፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ደግሞ በፍጥነት። ወፍራምና ጥብቅ አድርጎ የታሰረ ላስቲክ ውስጥ ኦክስጅኑ ከ1 በመቶ ሲወርድ፣ ወይም ሙዝ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ7 በመቶ ሲያልፍ፣ ፍሬው የአልኮል ሽታ ያመጣል፣ ኋላም በወጉ አይበስልም። ቀጭን ላስቲክ ተጠቅሞ በመርፌ ጥቂት ቦታ መብሳት ይህን ያስቀራል፤ በቀዳዳው የሚወጣው ኤትሊን ደግሞ ለእኛ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም።

አሁን ወደ ሙቀቱ፤ ከረጢቱ ከሚሠራው ይልቅ ይህ ይበልጣል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የድኅረ ምርት ማዕከል ለየፍሬው ያወጣቸው መመሪያዎች በነፃ ይነበባሉ፤ ማንኛውም ከረጢት ከመገዛቱ በፊት እነሱን ማየት ይበጃል። ጥሬ ሙዝ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ፤ የደረሰ ጥሬ ማንጎ 13፣ ሲበስል 10፤ ፓፓያ ጥሬው 13፣ የበሰለው 7፤ አቮካዶ ጥሬው እንደ ዝርያው ከ5 እስከ 13፣ የበሰለው ከ2 እስከ 4። የአየሩ እርጥበት ለአራቱም ከ90 እስከ 95 በመቶ። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለጥሬ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ ቦታቸው አይደለም። ብርድ የመታው ሙዝ ልጣጩ ሥር ቡናማ ክሮች ያወጣል፣ ቢጫውም ግራጫ ይመስላል፤ ማንጎው ቆዳው ግራጫ ሆኖ ይጎደጉዳል፣ ሲበስልም ጣዕም የለውም፤ ፓፓያው ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ያወጣና ሻጋታ ይይዘዋል። ይህን ጉዳት የትኛውም ከረጢት አያድነውም። ለየት የሚለው አቮካዶ ነው፦ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ኤትሊን ሲኖር የሥጋው መጥቆር ስለሚብስ፣ ጥሬ አቮካዶ ለማቆየት ከረጢቱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ከሁሉም ፍሬ ውስጥ ይህን ምርት ያለማመንታት የምመክረው ለእሱ ነው።

የፍሪጅ መሳቢያ ኳሶች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በሩ በተከፈተ ቁጥር የፍሪጁ አየር ይለወጣል፤ ኳሱ ደግሞ ማራገቢያ ስለሌለው የሚጠብቀው ጋዙ ራሱ ተንሳፎ እስኪደርስለት ነው። ውስጡ ያለው መሙያ ፐርማንጋኔት ከሆነ ከኳሱ አውጥቶ ላስቲክ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። አረንጓዴ ላስቲኮቹም የማዕድን ዱቄት ተቀላቅሎባቸዋል ይባላል፤ የሚታየው ጥቅም ግን ማንኛውም ቀጭን ላስቲክ ከሚሰጠው፣ ይኸውም ፍሬው ውሃ እንዳያጣ ከማድረግ፣ ብዙም አይርቅም። ሙከራው ቀላል ስለሆነ ማንም ሊያደርገው ይችላል፦ ከአንድ እጅ ሙዝ ተከፍሎ ግማሹ በአረንጓዴው፣ ግማሹ በተራ ላስቲክ፣ ጎን ለጎን።

በሌላ ረድፍ የሚቆመው 1-ሜቲልሳይክሎፕሮፒን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በዱቄት ከረጢት መልክ ለነጋዴዎች ይሸጣል። በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሺፕ ያገኙት ሲሆን የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ኤትሊንን አያጠፋም፤ ፍሬው ኤትሊንን የሚያውቅበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ይዘጋዋል። ከ1 ፒፒኤም በታች ይበቃል፤ ስለዚህም ከፐርማንጋኔት እጅግ ይበረታል። ችግሩ ብርታቱ ነው። ከተሰጠ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ ሙዝ ላይ ቶሎ ከተሰጠ ቀለሙ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፤ ፓፓያ ላይ ደግሞ ገና ቀለም ሲነካው ከተሰጠ ሥጋው ሳይለሰልስ እንደ ጎማ ሆኖ እንደሚቀር የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶች አሳይተዋል። የታሸገ ክፍል፣ የተለካ መጠንና የፍሬውን የብስለት ደረጃ በቀለም የሚለይ ሰው ላለው መጋዘን ድንቅ ነው፤ ለቤትና ለትንሽ ሱቅ ግን አይመከርም።

ከማንኛቸውም ጥቅም የማያገኙ ፍሬዎች አሉ። አናናስ ከተለቀመ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፣ ስለዚህ የሚዘገይ መብሰል የለውም። ላይቺን የሚያጠፋው የልጣጩ ውሃ ማጣትና መጥቆር ነው፤ ላስቲኩ ያግዘዋል፣ እንክብሉ ግን ምንም አይጨምርለትም። ማንጎ ከእነዚህ ወገን ባይሆንም፣ መብሰሉ በዘገየ ቁጥር በልጣጩ ሥር ተኝቶ የሚጠብቀው የአንትራክኖዝ ፈንገስ ጊዜ ያገኛል። ከማከማቸት በፊት 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንከር ይህን ይቀንሰዋል፤ ውሃው በቴርሞሜትር ይለካ፣ በእጅ ግምት የተደረገ እንደሆነ ወይ ፈንገሱ አይሞት ወይ ቆዳው ይቃጠላል።

እንክብሉ አይበላም፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ፐርማንጋኔት ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር ስለሆነ ከግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ግሊሰሪን ያለበት የእጅ ቅባትና ያልተጠቀሙበት ከረጢት በአንድ መሳቢያ አይቀመጡ። እጅ ላይ የቀረ ቡናማ እድፍ በሎሚ ጭማቂ ወይም በቫይታሚን ሲ ዱቄት ይለቃል። ያልተከፈቱት ከነአልሙኒየም ማሸጊያቸው ይቆዩ። ብዙ ከረጢት በአንድ ማሸጊያ የሚመጣበትን ከመግዛት ይልቅ በነጠላ የታሸገውን መምረጥ ያዋጣል፤ አንዱን ለማውጣት የተከፈተ ማሸጊያ በደንብ ካልተዘጋ የቀሩት እዚያው ተቀምጠው የክፍሉን አየር እያጸዱ ያልቃሉ።