የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ፦ አገልግሎቱን እንዴት አገኘነው?

ከአምስት አራት ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ እነግራችኋለሁ።

ይዣቸው የሄድኩት የግቢያችንን እትዬ ነው። እንጀራ ጋግረው ሸጠው ነው የሚያድሩት። 43 ዓመታቸው ነው፣ አራት ወልደዋል፣ አንድም ቀን ተመርምረው አያውቁም። «ሳያመኝ ምን ብዬ ልሂድ?» ይሉኝ ነበር። ችግሩ ግን ይሄ በሽታ መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ደም መታየት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስር ሰዷል።

ካርድ አወጣን፣ ለምርመራው አላስከፈሉንም። ወረፋው ነው እንጂ ምርመራው ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። እትዬ አልጋው ላይ ሲወጡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሲስተሯ መሣሪያውን አሳየቻቸውና «ካመመዎት ይንገሩኝ፣ ወዲያው አቆማለሁ» አለቻቸው። ከዚያ በጥጥ አቼቶ መሳይ ነገር ማህፀን በሩ ላይ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች፤ ጤነኛ ያልሆነ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ውጤቱ እዚያው ነው፣ ናሙና ተልኮ ሳምንት መጠበቅ የለም።

እትዬ ላይ ነጭ ታየ። ካንሰር አይደለም፣ ሳይታከም ቢቆይ ግን ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነው። በዚያው ቀን መታከም ነበረባቸው፣ ግን ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን። ሌላ ቀን ተመለሱ! ለእሳቸው አንድ ቀን ምጣድ ሳይጣድ ዋለ ማለት የዚያን ቀን ገቢ የለም ማለት ነው፣ ደግሞም ስንቷ ሴት ናት በዚያው የምትቀረው? ይሄ በጣም አናዶኛል። የምርመራ ክፍሉ በርም አይቆለፍም። እሳቸው ተኝተው ሳለ ሰው ሁለቴ ከፍቶ ገባ።

በሳምንቱ ተመለስን። በምትሞቅ ዘንግ ቦታውን ነካ አደረገችላቸው፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ውሃ መሳይ ፈሳሽ ለጥቂት ሳምንታት ሊኖር ይችላል፣ አትደንግጡ። ለአንድ ወር ያህል ከባል ጋር መገናኘትም አይቻልም።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ሂዱ፣ ምንም ካልተገኘባችሁም በተባላችሁበት ጊዜ ተመልሳችሁ ተመርመሩ። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ያለ ደግሞ ከ25 ጀምሩ፣ ቶሎ ቶሎም ተመላለሱ። ልጄ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያውን ትምህርት ቤት ተከትባለች ብላችሁ እናንተ አትቅሩ፣ የእሷ ክትባት ለእሷ ነው።

እትዬ ማክሰኞ ሁለት የጉሊት ጓደኞቻቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው። እባካችሁ እስከዚያ ለዚያ በር ቁልፍ ይግባለት።