አሻራው አልከበደኝም፤ ያደከመኝ የልደት ሰርተፍኬቱ ነው

ለገና አገር ቤት ገብቼ ነበር። እናቴን ማየቱ ይቀድማል፣ ግን ሁለት ወረቀትም ማውጣት ነበረብኝ። እኔ ሜሪላንድ፣ ባለቤቴ ቶሮንቶ ነው የምንኖረው። አንድ ቤት እንድንገባ የጀመርነው የካናዳ ጉዳይ የኢትዮጵያ ፖሊስ ክሊራንስ ይጠይቃል። ካናዳ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ ሰው 18 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖረበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ትፈልጋለች። እኔ ከአገር ከወጣሁ 10 ዓመት አልሞላኝም፤ ስለዚህ አንዱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከኢትዮጵያ መምጣት አለበት። የልደት ሰርተፍኬቴ ደግሞ የድሮ ቀበሌ በእጅ ጽፎ የሰጠኝ ስለሆነ በአዲሱ መቀየር ነበረበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ እያለሁ ሁሉም ያስፈራራኝ በፖሊሱ ነው። «ሰው ከሌለሽ አትሞክሪው»፣ «አንድ ወር ያመላልሱሻል»፣ «የማውቀው ልጅ አለ፣ ገንዘቡን ላኪለትና ያውጣልሽ» ሲሉኝ ከረሙ። የልደት ሰርተፍኬቱን ግን እንደ ቀላል ነገር አንድም ሰው አላነሳውም። ያጋጠመኝ የዚህ ተቃራኒ ስለሆነ ነው መጻፌ።

ከፖሊሱ ልጀምር። ሜክሲኮ አካባቢ ከታክሲ እንደወረድኩ ገና መንገዱን ሳልሻገር ደላሎቹ ከበቡኝ። «እህት፣ አሻራ ነው? ክሊራንስ ነው?» አንደኛው ከውጭ እንደመጣሁ በጫማዬ ይሁን በቦርሳዬ አላውቅም፣ ለይቶኛል፤ ዋጋውን የነገረኝ በዶላር ነው። 100 ዶላር ክፈይና ሰልፍ ሳትይዢ ዛሬውኑ ትወስጃለሽ አለኝ። አሥሩ ጣቶቼ እኔው ላይ ናቸውና ሌላ ሰው ምን እንደሚያደርግልኝ ሊገባኝ አልቻለም። አልፌው ገባሁ።

ውስጥ ያለው ሥርዓት እውነቱን ለመናገር አኮራኝ። በጠዋት ስለሄድኩ ሰልፉ ብዙ አልቆየም። ፓስፖርቴንና ኮፒውን ሰጠሁ፣ ለምን እንደምፈልገው ተጠየቅኩ፣ ክፍያውን በደረሰኝ ከፈልኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ቀጠሮ ተጻፈልኝ። አሻራ የምታነሳው ፖሊስ እጄ ላብ ስላለው ሶፍት ሰጥታ «ዘና በይ እህቴ፣ ካልተዝረከረከ አንድ ጊዜ ይበቃል» አለችኝ። በቀጠሮው ቀን ስሄድ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የከፈልኩት ደላላው ከጠየቀኝ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ተመልሼ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ የኤፍቢአዩን ጠየቅኩ፤ 18 ዶላር ለኤፍቢአይ፣ አሻራውን ላነሳልኝ ፖስታ ቤት ደግሞ ለብቻው ከፍዬ ውጤቱ በኢሜይል መጣ። ፍጥነቱ ይለያያል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው፦ አሻራ ትሰጣለህ፣ መዝገብ ውስጥ ካለው ጋር ይመሳከራል፣ ውጤቱ ይጻፋል። ሚስጥር የለውም።

አገር ቤት መሄድ የማትችሉም ብትሆኑ መንገድ አለ። በምትኖሩበት አገር ፖሊስ ዘንድ አሻራችሁን ታነሳላችሁ፣ ኤምባሲያችን ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ በውክልና የሚያስጨርስላችሁ ሰው አዲስ አበባ ላይ ያስገባል። ውክልናውም ከኤምባሲ ተሰጥቶ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ወኪላችሁ የሥጋ ዘመድ ወይም በደንብ የምታውቁት ሰው ይሁን። በፌስቡክ ያገኛችሁት ጉዳይ አስፈጻሚ ከፓስፖርታችሁ ኮፒ ጋር አሻራችሁን ሲይዝ ምን እንደሰጣችሁት አስቡት።

አሁን ወደ ወረዳው።

ያደግኩበት ሰፈር የለም። እንደ ፒያሳና እንደ ካዛንችስ ሁሉ በኮሪደር ልማቱ ፈርሶ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ተበትኗል፤ እናቴም አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ሰፈሬን ባላገኘው ያመኛል፣ ያንን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። እዚህ የምለው ስለ ፋይሉ ነው። ሰው ሲነሳ የቤተሰብ ቅጹ፣ በልጅነታችን የተሞላው መዝገብ፣ መሸኛው የት ገባ? ይህንን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ነው የዕረፍቴን ትልቁን ክፍል የበላው።

የድሮው ወረዳ «ነዋሪው ስለተዛወረ ፋይሉም ተዛውሯል» አለኝ። እናቴ የምትኖርበት ወረዳ «እኛ የእናትሽን መሸኛ እንጂ የአንቺን አልተረከብንም፣ አንቺ አገር ውስጥ አልነበርሽም» አለኝ። ወደ ድሮው ስመለስ ሲስተም የለም። በማግስቱ ሲስተም አለ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት ኑ። ከሰዓት ስመጣ ኃላፊው ክፍለ ከተማ ሄደዋል። ዓርብ ስለሆነ ሰኞ ነይ። ሰኞ በዓል ነው። ከጎኔ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የሞት ምዝገባ ይዘው ለባንክ እየተመላለሱ ነበር፤ ከእኔ በፊት የጀመሩ ናቸው፣ እኔ ስጨርስም አልጨረሱም። እኔ ቢያንስ ለታክሲ አልቸገርም። እሳቸው ከጀሞ ነው የሚመጡት።

ግድግዳው ላይ ትልቅ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። የልደት ምስክር ወረቀት ምን ምን እንደሚያስፈልገው፣ ስንት እንደሚከፈልበት፣ በስንት ደቂቃ መሰጠት እንዳለበት በሰንጠረዥ ተጽፏል። በደቂቃ ነው የተጻፈው! ያንን ሰንጠረዥ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከሥሩ የተቀመጠችው ልጅ ግን ቀና ብላ ልታየኝ አልፈለገችም።

ከዚያ ነው ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው የተጠጋኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ይሁን አይሁን አልለየሁም፣ ግን ከቢሮ ቢሮ ያለከልካይ ይገባል ይወጣል። «ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው፣ የሚፈልግልሽ ሰው ያስፈልጋል፣ ለልጆቹ የሻይ ነገር አድርጊ» አለኝ። የሻይ ያለው ብር እናቴ በወር ከምታገኘው ጡረታ ይበልጣል። እምቢ ስለው ሳይቆጣ «እንግዲያው ትመላለሻለሽ» ብሎኝ ሄደ። ፋይሉ ያለበትን እሱ ካወቀ ሠራተኞቹ እንዴት አላወቁም? በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ከአገር ስወጣም እንዲህ ነበር፣ ስመለስም እንዲህ ነው፤ በመሃል ቻርተሩ ብቻ ተለጠፈ።

የአክስቴ ልጅ ሕግ ያጠና ነው። በቃል መጠየቅ ተይ፣ በጽሑፍ አስገቢ አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ሲከለክልም ምክንያቱን ይገልጻል፤ ካልሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። የአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍን። የእናቴን ስም፣ የድሮውን ቀበሌ፣ የቤት ቁጥሩንና የእኔን የልደት ዘመን አስገባንና በሁለት ቅጂ ይዤ ሄድኩ። አንዱን ተቀብለው በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማህተም እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኩ። የሪከርድ ክፍሏ ልጅ ፊቷ ተለወጠ። ማህተሙን ካደረገች በኋላ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ይዛ መጣች።

እኚህን ሰው ስማቸውን ባልጽፍም ማመስገን እፈልጋለሁ። የቤት ቁጥሩን ሲያዩ «የእትዬ ልጅ ነሽ? ያ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ግቢ» አሉኝ። መዝገብ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ይዘውኝ ገቡ፣ የድሮውን ቀበሌ ፋይል በገመድ ከታሰረበት አወጡ፣ የቤተሰብ ቅጹ ላይ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ አሳዩኝ። ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ አልቆየም። የትም አልተዛወረም ነበር። ያ ሁሉ መመላለስ አንድ ሰው አንድ ደረጃ ወርዶ ባለማየቱ ነው። «ልጄ፣ ወደ እኔ የላከሽ የለም እንጂ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሰርተፍኬቱ ራሱ ፈጥኖ ታተመ፤ ግን ከመፈረሙ በፊት በደንብ አይታችሁ ካልሆነ እንዳትወስዱ። የኔ ላይ ሁለት ስህተት ነበር። የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደል ከፓስፖርቴ ጋር አይገጥምም። ሁለተኛው ቀኑ ነው። እኔ የተወለድኩት መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው፤ ሠራተኛዋ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11፣ 1987 አድርጋ ጻፈችው። 1979 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበረ ትክክለኛው 12 ነው፣ ፓስፖርቴም የሚለው 12 ነው። አንዲት ቀን ናት፣ ነገር ግን የኢሚግሬሽን መኮንን ጠረጴዛ ላይ አንዲት ቀን ስንት ወር እንደምታስበላ የደረሰበት ያውቃል። ፓስፖርታችሁን ከፊት ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ከፈረሙ በኋላ ማስተካከል ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ማስረጃ ነው።

ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ብዙ ሰዎች ጨርሶ ተመዝግበው የማያውቁ መሆናቸውንም አትርሱ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነገግም በመላ አገሪቱ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የሚስተናገደው በነባር ልደት ነው፤ የድሮ ማስረጃ ሁሉ፣ የክትባት ካርድም ሆነ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የክርስትና ካርድም ሳይቀር ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ዛሬ የሚወለድ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አገር ቤት ያሉ እህት ወንድሞቻችሁን ጎትጉቱ፣ ልጆቹ እንደኛ አይንከራተቱ።

ወረቀታችሁ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ከሆነ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተምና የዚያ አገር ኤምባሲ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ስለሚችል ለእሱም ቀን አትርፉ። ክሊራንሱ ሰልፍ ላይ ወደ ዱባይና ወደ ጅዳ የሚሄዱ ሴቶች ልጆች አግኝቻለሁ። አብዛኞቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ለደላላ ተበድረው የከፈሉ ናቸው፤ በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ሳነብላቸው አንዷ እንባዋ መጣ። ማንበብ ስለማይችሉ አይደለም፤ ደላላው ወደ መስኮቱ እንዲጠጉ ስለማይፈቅድላቸው ነው። ዘመድ ያላችሁ እዚያ ድረስ አብራችኋቸው ሂዱ።

ለካናዳ ለምታመለክቱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አሁን የምትኖሩበት አገር ማረጋገጫ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የወጣ መሆን አለበት። ቀድሞ የኖራችሁበት አገር ግን 6 ወርና ከዚያ በላይ ለመጨረሻ ጊዜ ከኖራችሁበት በኋላ የወጣ ከሆነ ይበቃል፤ እንደኔ ለአጭር ጊዜ ደርሶ መመለስ አያበላሸውም። ስለዚህ የኢትዮጵያውን አስቀድማችሁ አውጡ፣ የኤፍቢአዩን ሌላው ወረቀት ሁሉ ከተሟላ በኋላ ጠይቁ።