ፈረንጅ አራዳ ያለችው የኮሪያ ምሳ ቤት

ጅማ ላይ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሥጋው የማን ነው?» ነው። ፈረንጅ አራዳ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችው ትንሽ የኮሪያ ምሳ ቤት ጥያቄውን ከሥሩ ነቅላዋለች፤ ሥጋ አይሠራባትም። አሳ፣ እንቁላልና አትክልት ብቻ። ወጥ ውስጥ የሚጨመር መጠጥም የለም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አሳውም እንቁላሉም ይቀራል። ዓርብ ዕለት ባለቤቴ ጾሟን ይዛ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ከጁምዓ መልስ፣ እኔም ሆዴን ይዤ አንድ ገበታ ላይ እንቀመጣለን።

ታፔላ የላትም። «ኮሪያዋ ጋ» ካላችሁት ባጃጁ ያደርሳችኋል። ኮሪያዋ ይበሏት እንጂ የጅማ ልጅ ናት፤ እናቷ የዚሁ አገር ሰው፣ አባቷ ለሥራ መጥቶ የነበረ ኮሪያዊ። አያቷ ጋ አድጋ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንደማናችንም ታቀላጥፈዋለች። ኮሪያን ያየችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ነው፤ የአባቷን እህት ፍለጋ ሄዳ። አክስቷ ያለችው ዮሱ በምትባል የደቡብ ወደብ ከተማ ሲሆን፣ የደረሰችውም ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምቱን ኪምቺ (በጨውና በበርበሬ ተለውሶ እንዲኮመጥጥ የሚቀመጥ አትክልት) በሚሠራበት ሰሞን ነበር። ኪምጃንግ ይሉታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል። «ጋሼ፣ የሚያወሩት አንድም አይገባኝም ነበር፤ ጓንት አጠለቁልኝና ጎመኑ ፊት አስቀመጡኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ባጠራቀመች ቁጥር የምትሄደው በዚሁ ወቅት ነው።

እኔ ደጋግሜ የምሄደው ለኪምቺዋ ነው፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን ልለይ። ሁለት ዓይነት ታቀርባለች። አንደኛው ከጥቅል ጎመን የሚሠራው ነው፤ ኮሪያዎቹ የሚጠቀሙበትን ረዘም ያለ ጎመን እዚህ ገበያ ላይ ስላላገኘች በሱ ተካችው። ይቆረጠማል፣ ግን ቅጠሉ ድርቅ ያለ ስለሆነ በርበሬው ላይ ላዩን ቀርቶ ውስጡ አልጫ ይሆናል። እለፉት። ሁለተኛው የሐበሻ ጎመን ነው። ዮሱ በሰናፍጭ ቅጠል ኪምቺ የታወቀች አገር ናት፤ ልጅቷም ያንን ቀምሳ ስትመለስ የአያቷን ጓሮ በሌላ ዓይን አየችው። ጎመኑን ከነዘንጉ ጨው ነስንሳበት ታሳድራለች፤ ታጥቦ ሲጠፈፍ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቀጭን የሩዝ ሙቅ የተለወሰ በርበሬ በየቅጠሉ ትቀባለች። በርበሬው የማረቆ ዛላ ነው፤ ፍሬው ወጥቶ ሸከር ብሎ የተወቀጠ፣ ኮረሪማም ጥቁር አዝሙድም ያልነካው። ዮሱ ላይ የአሳ መረቅ በብዛት ይገባበታል፤ እሷ ለጿሚ ስትል ትታ በባሕር አረም መረቅ ተክታዋለች። መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ በርበሬው፣ ዋጥ ስታደርጉት ደግሞ አፍንጫ ላይ ስንፍጥ!

ያ መሰንፈጥ በአጋጣሚ አልመጣም። ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ስላሳለፍኩ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የሐበሻ ጎመን የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ዲቃላ ነው። የዮሱው ቅጠል ደግሞ የዚያው ጥቁር ሰናፍጭና የዚያ የኮሪያው ረጅም ጎመን ወገን። በሰናፍጭ በኩል ግማሽ ወንድማማች ናቸው ማለት ነው። ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1935 በሦስት ማዕዘን አድርጎ ያሳየው ዉ ጃንግ ቹን ነው፤ ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት ጃፓን ተወልዶ ያደገ ተመራማሪ። በ1950 ቤተሰቡን እዚያው ትቶ ወደ አባቱ አገር ገባ፤ በ1959 እስኪሞትም ቡሳን ላይ የጎመንና የራዲሽ ዘር ሲያሻሽል ኖረ። እኔ ሰውየውን የማውቀው በማዕዘኑ ነበር፣ እሷ ደግሞ የኪምቺው ጎመን ባለውለታ ብላ። ወሬያችን ይህ ላይ ሲገጥም ሳህኑ ተረሳ፣ ሌላ ደንበኛ እስኪቆጣ ድረስ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮሪያዎቹ ድሮ ኪምቺውን በሸክላ ማሰሮ አድርገው መሬት ይቀብሩት ነበር፣ ዛሬ የራሱ ፍሪጅ አለው። ጅማ ሙቀት ነው፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ኮምጣጣው ይሮጣል። በጥቂት በጥቂቱ የምትሠራው ለዚህ ነው። እኔ ሦስተኛ ቀኑን የያዘውን እመርጣለሁ፤ ጠይቁ፣ ትነግራችኋለች።

ወደ ሌላው ምግብ ስንመጣ እጇ ይታሰራል። ቢቢምባፑ (ሩዝ ላይ ካሮት፣ ቆስጣ፣ እንጉዳይና እንቁላል ተደርድሮ በበርበሬ ድልህ የሚታሸው) ለዓይን ያምራል፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ማንኪያው እንኳ የተለካ ይመስላል። አክስቷ የነገረቻትን አንድ ፊደል እንዳታጓድል የምትፈራ ትመስለኛለች። ጎመኑ ላይ ግን አክስቷም አያቷም የማያውቁትን ነው የሠራችው፤ እዚያ ላይ ነው የምትበረታው። ጃፕቼ የሚሉት የስኳር ድንች ስታርች ፓስታ ስኳሩ በዝቶበታል። ከግልገል ጊቤ የሚመጣው አሳ ትኩስ ቢሆንም እሳት ላይ ይቆይና ይደርቃል፤ ነግሬያታለሁ፣ «እሺ ጋሼ» ብላኛለች፣ እሳቱ ግን እንዳለ ነው።

ከውሃ ይልቅ የገብስ ሻይ እዘዙ። ገብሱ ተቆልቶ ይፈላል፣ አለቀ። ኮሪያዎች ቤታቸው እንደ ውሃ የሚጠጡት ይህንኑ ነው፤ ሲቀርብ ቤቱ የትኩስ ቆሎ ሽታ ይሸታል። ልደታችሁ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ንገሯት፤ የባሕር አረም ሾርባ ትሠራለች። እነሱ ዘንድ ለአራስ የሚሰጥ፣ በልደት ቀንም የሚጠጣ ነው። ባለቤቴ ወዳዋለች። እኔ ገንፎዬን አልለውጥም።

ሽማግሌዎች ሲመጡ ወሬው ኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው። ግድግዳው ላይ ቹንቾን ያለው የዘማቾቻችን መታሰቢያ ፎቶ አለ፤ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1968 ኮሪያ ሄደው የመረቁት። ራሷ ያነሳችው ነው፤ አክስቷ ከዮሱ ድረስ አብራት ሄዳለች።

ቤቷ ጠባብ ናት፤ ወንበሩ የጅማ በርጩማ ስለሆነ ወገብ ያለው ሰው ግድግዳውን ይያዝ። ሹካ ካልጠየቃችሁ የብረት ቾፕስቲክ ነው የሚቀርብላችሁ፣ እሱም ያንሸራትታል። አስተናጋጅ አንድ ብቻ በመሆኑ ምሳ ሰዓት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቢቢምባፕ 400 ብር፣ ጎመን ኪምቺ በሩዝ 250 ብር፤ በቴሌብር ይከፈላል። ከምግቡ ጋር በትንንሽ ሳህን የሚደረደረው ማባያ ሲያልቅ ያለ ክፍያ ይጨመራል፣ ጎመኑ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በፊት ድረሱ።